ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ስሙ ይዛወር
ያገለገለ መኪና ከሰው ለሰው ሲሸጥ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የዝናቡ ወራት ሊያበቃ ሲል አንድ አባት ወደ መሥሪያ ቤታችን መጡ። ከአምስት ዓመት በፊት ከጎንደር የገቡ የስድስት ልጆች አባት ናቸው። በእጃቸው አንድ ፌስታል ይዘዋል። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉት አሥራ አንድ ፖስታ ወጣ። ከአሥራ አንዱ የተከፈቱት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

‹‹ልጆቼ፣ እኔ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። መኪናዬን ከሸጥሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ታዲያ ይህ ሁሉ የመኪና ቅጣት ከየት የመጣ ነው?›› ሲሉ ጠየቁን።

ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ከፍተን አነበብንላቸው። ሁለቱ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ የመኪና ማቆሚያ ቅጣቶች ናቸው። አራቱ የ‹‹ክቪሽ 6›› የመንገድ ክፍያ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱ በፍጥነት ስለማሽከርከር ከፖሊስ የተላኩ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በጊዜው ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ጭማሪ እንደታከለበት የሚያስጠነቅቁ ናቸው። ሁሉም የተጻፉት በእኒሁ አባት ስምና የመታወቂያ ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ሰባት ሰው የምትይዝ ያገለገለች የቤተሰብ መኪና ነበረች። ወገባቸውን ታመው መንዳት ሲያቅታቸው ለአንድ በጋብቻ ለሚዛመዳቸው ሰው በ18,000 ሼቄል ሸጡለት። ሰውየው 12,000ውን በዕለቱ ቆጥሮ ሰጣቸው፤ የቀረውን 6,000 በሁለት ወር ውስጥ አምጥቶ ከፈለ። በገንዘቡ በኩል አንዳች አላጎደለም። የስም ማዛወሩን ጉዳይ ግን ‹‹በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሄዳለን›› ተባብለው ተለያዩ። ያ የሚቀጥለው ሳምንት ዓመት አለፈው።

የመኪናዋ ገንዘብ ለትልቋ ልጃቸው የነርስነት ትምህርት የታሰበ ነበር። አሁን የመጣው ዕዳ ከዚያ ገንዘብ ላይ ሊነሣ ሆነ። ‹‹ለምን ያን ዕለት ፖስታ ቤት አልሄዳችሁም?›› ስንላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ‹‹ዘመድን እንዴት አድርጌ ና ወረቀት ፈርምልኝ እለዋለሁ? አላመንሁህም ማለት አይሆንብኝም ወይ?›› አሉን።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይህ መልሳቸው ነው። በየጊዜው ወደ እኛ ከሚመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ በመኪና ሽያጭ የሚጎዱት በሌባ ወይም በአታላይ እጅ ወድቀው ብቻ አይደለም። ይሉኝታ ይዟቸው ከሚያውቁት ሰው ጋር በቃል ተስማምተው ነው። ስለዚህ መኪና ከሰው ለሰው እንዴት እንደሚሸጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልናስረዳ እንወዳለን።

በአገር ቤት እንዴት ነበር?

በገጠር ገበያ በሬ ወይም በቅሎ ሲሸጥ ገዢው ሻጩን የማያውቀው እንደሆነ ‹‹ዋስ ጥራ›› ይለዋል። ከብቱ ኋላ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይጠየቃል። ገንዘቡ እማኝ ባለበት ይቆጠራል፣ ገመዱ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ ይተላለፋል፣ ሽያጩም በዚያው ያልቃል። በሬው የማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ መዝገብ የሚጠይቅ የለም።

ከከተማ የመጣን ደግሞ መኪና ሲሸጥ ሊብሬ እንደሚያስፈልግ፣ ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ቀርበው እንደሚፈራረሙ፣ ከዚያም ስመ ሀብት እንደሚዛወር እናውቃለን። ስለዚህ በወረቀት መሸጥ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ዘመድም ቢሆን ውልና ማስረጃ ሲቀርብ ‹‹ተናቅሁ›› አይልም።

እዚህ አገር የዋሱንም የእማኙንም ሥራ የሚሠራው የመጓጓዣ ሚኒስቴር (ምስራድ ሀታሕቡራ) መዝገብ ነው። የአገር ቤቱ ሊብሬ እዚህ ‹‹ሪሽዮን ሬኸቭ›› ይባላል። በየዓመቱ ለቦሎ የምናደርገው ምርመራ ‹‹ቴስት›› ይባላል። ስመ ሀብት ማዛወሩ ደግሞ ‹‹ሀዓቫራት ባዓሉት›› ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ሁላችንም ልናውቀው ይገባል።

መኪናው ትንሽ ቢሆን ወይም አልጋና ምድጃ የተገጠመለት ለሽርሽር የሚነዳ ካራቫን ቢሆን ሥርዓቱ አንድ ነው። ካራቫን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን በ1991 ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ቤተሰቦቻችን ለዓመታት የኖሩበት ቤት ነው። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን ሰሌዳ ስላለውና በመንገድ ስለሚሄደው ነው።

ስሙ ካልተዛወረ ምን ይመጣል?

የትራፊክ ሕጉ (ፕኩዳት ሀታዓቡራ) በአንድ መኪና ጥፋት ሲፈጸም የመኪናው ባለቤት እንደፈጸመው አድርጎ ይቆጥራል። ባለቤቱ ከዚህ የሚድነው በዚያን ጊዜ መኪናው በማን እጅ እንደነበረ፣ ወይም ያለ ፈቃዱ እንደተወሰደ ማስረዳት ሲችል ነው። ፖሊስም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ‹‹ባለቤቱ ማን ነው?›› ሲል የሚያየው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የእናንተ ስም ከሆነ ደብዳቤው የሚመጣው ለእናንተ ነው።

ጉዳቱ በቅጣት ብቻ አያበቃም። የገቢ ማሟያ ድጎማ (ሀቭታሓት ሀኽናሳ) የሚቀበል ቤተሰብ በስሙ የተመዘገበ መኪና ካለ መብቱ ሊነካበት ይችላል። መኪናው ለወንጀል ሥራ ቢውል ፖሊስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው። አዲሱ ባለቤት ያለ ኢንሹራንስ እየነዳ ሰው ቢጎዳም ስማችሁ ከነገሩ ጋር ይነሣል።

ለገዢውም ቢሆን ደህና አይደለም። ሻጩ ዕዳ ያለበት ከሆነ አበዳሪዎቹ በሻጩ ስም ባለው መኪና ላይ ዕግድ (ዒኩል) ሊያስጥሉበት ይችላሉ። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ ሳለ መኪናው የእርሱ መሆኑን ለማስረዳት ፍርድ ቤት መመላለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ስም ማዛወር ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

ለመሸጥ ከማሰባችን በፊት

‹‹መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ›› እንደሚባለው፣ ማስታወቂያ ከማውጣታችን በፊት የራሳችንን ጉዳይ እናጣራ።

1ኛ. በመኪናው ላይ መያዣ አለ ወይ? መኪናውን በብድር ገዝተን ከሆነ አበዳሪው መኪናውን በመያዣነት (ማሽኮን) አስመዝግቦት ይሆናል። በ1967 የወጣው የመያዣ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ መዝገቡም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው የመያዣዎች መዝጋቢ (ራሻም ሀማሽኮኖት) ዘንድ ይገኛል። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀም በኋላ መያዣው ከመዝገብ ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ አለና ከአበዳሪው የመሰረዣ ደብዳቤ እንጠይቅ።

2ኛ. ዕግድ አለበት ወይ? ያልተከፈለ ዕዳ ካለ፣ በተለይም ጉዳዩ ወደ ፍርድ ማስፈጸሚያ መሥሪያ ቤት (ሆጻዓ ለፖዓል) የደረሰ ከሆነ፣ መኪናው ታግዶ ስም ማዛወር አይቻልም። ይህን በፖስታ ቤቱ መስኮት ፊት ቆመን ከምንሰማው አስቀድመን ብናውቀው ይሻላል።

3ኛ. መኪናው በቀረጥ ቅናሽ የተገዛ ነው ወይ? በአዲስ ገቢነት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ቅናሽ ተደርጎለት የተገዛ መኪና ከጊዜው በፊት ሲሸጥ ቀሪው ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ዋጋ ከመደራደራችሁ በፊት የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱን (ሜኼስ) ጠይቁ።

4ኛ. ዋጋው ስንት ነው? በዚህ አገር ያገለገሉ መኪናዎች የዋጋ መዘርዝር አለ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የሌቪ ይጽሐቅ ‹‹መሒሮን›› ነው። መዘርዝሩ ለመኪናው ዓይነትና ለተሠራበት ዓመት መነሻ ዋጋ ይሰጣል። ከዚያ ላይ በሄደው ኪሎ ሜትር ብዛት፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ (ያድ ሪሾና፣ ያድ ሽኒያ እየተባለ)፣ እንዲሁም ቀድሞ የግለሰብ ወይም የኪራይ ድርጅት መኪና እንደነበረ ታይቶ ይቀነሳል ወይም ይጨመራል። ‹‹መኪናህ ያረጀ ነው፣ 8,000 ሼቄል ውሰድ›› ለሚል ሰው መዘርዝሩን አይታችሁ መልስ ስጡት።

5ኛ. የመኪናውን ጉድለት እንወቅ። የጋራዥ (ሙሳኽ) ደረሰኞችንና የቴስት ወረቀቶችን አንድ ላይ አስቀምጡ። ደረሰኝ ያለው መኪና በተሻለ ዋጋ ይሸጣል።

እውነቱን መናገር ግዴታ ነው

አንዳንድ ሰው ‹‹ገዢው ካልጠየቀኝ ለምን እነግረዋለሁ?›› ይላል። በ1973 የወጣው የውል ሕግ ግን ተዋዋዮች ከድርድሩ ጀምሮ በቅን ልቦና እንዲሠሩ ያዛል። ሊናገር የሚገባውን ደብቆ ሌላውን ያሳሳተ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። በ1968 የወጣው የሽያጭ ሕግም የተሸጠው ዕቃ ከስምምነቱ ጋር የሚገጥም እንዲሆን ይጠይቃል። ያገለገሉ መኪናዎችን ሽያጭ በሚመለከት ደግሞ ስለ ግልጽ አነጋገር በ2008 የተለየ ሕግ ወጥቷል።

ስለዚህ መኪናው አደጋ ደርሶበት ከሆነ፣ ሞተሩ ዘይት የሚያንጠባጥብ ወይም ማርሹ የሚያስቸግር ከሆነ ተናገሩ፣ በውሉም ላይ ይጻፍ። በውል ላይ የተጻፈ ጉድለት ‹‹አታለልኸኝ›› ከሚል ክስ ያድናል። የኪሎ ሜትር ቁጥር መመለስ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ በወንጀል ያስጠይቃል።

ገዢ ሲመጣ

ገዢ መኪናውን ነድቶ ማየት ይፈልጋል፣ ልክም ነው። ነገር ግን አስቀድማችሁ መንጃ ፈቃዱን እዩ። ኢንሹራንሳችሁ እርሱን የሚሸፍን መሆኑንም አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ኢንሹራንስ ወጣት ወይም አዲስ ነጂን አይሸፍንም። ብቻውን አትላኩት፣ አብራችሁት ተቀመጡ።

ገዢው መኪናውን ወደ መመርመሪያ ጣቢያ (መኾን ብዲካ) ልውሰደው ቢል ፍቀዱለት። የምርመራውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ግን ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ። ጣቢያው የመኪናውን አጥንት (ሺልዳ) ጭምር ስለሚያይ፣ ያልነገራችሁት የቆየ ግጭት ካለ እዚያ ይታወቃል።

እዚህ ላይ እንደ ማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። ብዙ ቤተሰብ ዕብራይስጥ የሚያውቀውን የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ ያቀርባል። ልጁ ‹‹መያዣ››፣ ‹‹ዕግድ››፣ ‹‹ቅድሚያ ክፍያ›› የሚሉትን ቃላት በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ አያውቃቸውም። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ‹‹አንተ ነህ በደንብ ያልነገርኸን›› ይባላል። ከላይ የጠቀስናቸው አባት ልጅም ከመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች አንዱን ካነበበ በኋላ አባቱ እንዳይቆጡ ፈርቶ ‹‹ማስታወቂያ ነው›› ብሏቸው ነበር። ልጁን አንወቅሰውም። እንዲህ ያለው ሸክም ለልጅ ትከሻ የሚሆን አይደለም። ለዚህ ጉዳይ አዋቂ ሰው ጥሩ፤ የሰፈሩን አስተርጓሚ፣ የመርካዝ ክሊታውን ሠራተኛ፣ ወይም በየማዘጋጃ ቤቱ ነጻ ምክር የሚሰጠውን ‹‹ሻይል›› የሚባለውን የዜጎች ምክር አገልግሎት ጠይቁ።

ውሉ እንዴት ይጻፍ?

ውል ረጅም መሆን የለበትም። በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉት ቢሰፍሩ ይበቃል፦

የሻጭና የገዢ ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ (ተዑዳት ዘሁት) ቁጥርና አድራሻ፤
የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር፣ ዓይነቱና የተሠራበት ዓመት፤
በዕለቱ የሚነበበው የኪሎ ሜትር ቁጥር፤
ዋጋው በቁጥርና በፊደል፣ አከፋፈሉም እንዴት እንደሆነ፤
የታወቁት ጉድለቶች፤
መኪናው ከመያዣና ከዕግድ ነጻ መሆኑ፤
ስሙ የሚዛወርበት ቀንና የማዛወሪያውን ክፍያ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፤
መኪናው የተሰጠበት ቀንና ሰዓት።

ሰዓቱን መጻፍ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መኪናው ጠዋት አራት ሰዓት ተሰጥቶ ከሰዓት በኋላ በካሜራ ቢቀጣ፣ ነጂው ማን እንደነበረ የሚናገረው ያ የተጻፈው ሰዓት ነው። የሰዓት አቆጣጠሩን በዚህ አገር ልማድ ጻፉት፦ ጠዋት አራት ሰዓት የሚለው 10:00 ተብሎ ይጻፍ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ ‹‹ዚኽሮን ድቫሪም›› የሚባል ወረቀት ማስታወሻ ብቻ ነው ብላችሁ አትፈርሙ። ዋና ዋናው ነገር የተጻፈበት ከሆነ እንደ ሙሉ ውል ሊያስገድድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ያላነበባችሁትን ዕብራይስጥ አትፈርሙ። ፍርድ ቤት የፈረመ ሰው የፈረመበትን አውቆታል ከሚል ግምት ስለሚነሣ ‹‹ቋንቋውን አላውቅም ነበር›› ማለት ዘወትር አያድንም። ‹‹ነገ አስነብቤ እፈርማለሁ›› ማለት ነውር የለበትም።

ስለ ገንዘቡ

ገንዘብ ሳይገባ ቁልፍ አይወጣም። ከሁሉ የሚሻለው ገዢው ከባንክ ሒሳቡ ወደ ባንክ ሒሳባችሁ እንዲያዛውር ማድረግና ገንዘቡ መግባቱን ከራሳችሁ ባንክ ማረጋገጥ ነው። ‹‹አዛውሬአለሁ፣ ይኸው በስልኬ ላይ እየው›› የሚለው በቂ አይደለም።

የባንክ ቼክ (ቼክ ባንካኢ) ከተሰጣችሁ ቼኩን ያወጣው ቅርንጫፍ ዘንድ ደውላችሁ አጣሩ፤ የስልክ ቁጥሩን ከገዢው አትቀበሉ፣ ራሳችሁ ፈልጉ። ሐሰተኛ የባንክ ቼክ ያጋጠመው ሰው አለ። ተራ ቼክ፣ ይልቁንም ቀኑ ገና ያልደረሰ ቼክ፣ ሳይከፈል ሊመለስ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ መክፈልን በሚመለከት ደግሞ በ2018 ሕግ ወጥቶ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ ከተወሰነው በላይ በጥሬ ገንዘብ መቀባበል ያስቀጣል። ስለ መጠኑ ባንካችሁን ጠይቁ።

ገዢው ቅድሚያ ክፍያ ከሰጠ ደረሰኝ ጻፉለት። ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውም በደረሰኙ ላይ ይገለጽ። ሲጣሉ የምናየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በፖስታ ቤት

ሻጭና ገዢ አብረው ወደ ፖስታ ቤት (ዶአር) ይሂዱ። ሁለቱም መታወቂያቸውን፣ ሻጩም የመኪናውን ሪሽዮን ይያዝ። ለጸሐፊው ‹‹ሀዓቫራት ባዓሉት›› ብትሉት ይገባዋል። ክፍያው ተከፍሎ ሲፈጸም ማረጋገጫውን ተቀበሉ፣ ቅጂውንም ከውሉ ጋር አኑሩ። ዛሬ በመጓጓዣ ሚኒስቴር በኩል በኢንተርኔትም ማዛወር ይቻላል። በዚህ መንገድ ስትሠሩ በስልካችሁ የሚመጣውን የሚስጥር ቁጥር ለማታውቁት ሰው አትስጡ።

ከሁለቱ አንዱ መምጣት ካልቻለ ምን ዓይነት ውክልና (ይፑይ ኮዋሕ) እንደሚቀበሉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስም ሳይሞላበት የተፈረመ ውክልና ግን ለማንም አትስጡ። ባዶ ውክልና የያዘ ደላላ መኪናውን ለሦስትና ለአራት ሰው ሲያስተላልፍ ስማችሁ መዝገብ ላይ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ባንኩንና ፖስታ ቤቱን በአንድ ጠዋት ጨርሱ። ገንዘቡ ይገባል፣ ስሙ ይዛወራል፣ ከዚያ ቁልፉ ይሰጣል። ‹‹በሚቀጥለው ሳምንት›› የሚባል ነገር አይኑር።

መኪናው ከሄደ በኋላ

ወደ ኢንሹራንስ ድርጅታችሁ ደውላችሁ የግዴታውንም (ሖቫ) ሌላውንም ኢንሹራንስ ሰርዙ። ለቀረው ጊዜ የሚመለስላችሁ ገንዘብ አለና ጠይቁ። ኢንሹራንሱ ከመኪናው ጋር ለገዢው አይተላለፍም፤ ገዢው ከመንዳቱ በፊት የራሱን መግዛት አለበት።

የክቪሽ 6 ደንበኛ ከሆናችሁ መኪናውን ከደንበኝነታችሁ አስወጡ። ለመኪና ማቆሚያ በስልክ የምትከፍሉ ከሆነ የሰሌዳውን ቁጥር ከስልካችሁ አጥፉ። የነዋሪነት ወይም የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ምልክት ካለ ከመስታወቱ ላይ አንሡ። ከመኪናው ሣጥን ውስጥም የግል ወረቀታችሁን አውጡ።

ገዢዎች ከሆናችሁስ?

ዛሬ የሚሸጥ ነገ ይገዛልና አንድ ቃል እንጨምር። ከግለሰብ ስትገዙ የመያዣውን መዝገብ ራሳችሁ በሰሌዳው ቁጥር አስፈትሹ፤ ክፍያው ጥቂት ነው። መኪና መሸጥ ሥራው ከሆነ ነጋዴ በቅን ልቦና የገዛ ሰው በሽያጭ ሕጉ የተለየ ጥበቃ አለው። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የገዛ ግን ይህ ጥበቃ የለውም፤ የተመዘገበው መያዣ ከመኪናው ጋር አብሮ ይመጣበታል። መኪናውን ሳትመረምሩ፣ መዝገቡን ሳታዩ አትክፈሉ።

ችግሩ ከደረሰ በኋላ

ስማቸውን ሳያዛውሩ የሸጡ ቤተሰቦች ካሉ አሁንም ጊዜው አላለፈም። ገዢውን ዛሬ ደውላችሁ ጥሩት። ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታውን ሳትከፍቱ አታስቀምጡ። ቅጣትን ወደ እውነተኛው ነጂ ለማዛወር (ሀሳባት ዶሕ) የሚቻልበት የተወሰነ ጊዜ አለ፤ ጊዜው ካለፈ ነገሩ ይከብዳል። የሽያጩን ውል፣ የባንክ ወረቀቱን፣ ምንም ከሌለ የተለዋወጣችሁትን የስልክ መልእክት ይዛችሁ ወደ ሻይል ወይም ወደ እኛ ኑ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች በፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ርዳታ ቢሮ ማመልከት ይችላሉ። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ከሆነም ያለ ጠበቃ የሚቀረብበት የጥቃቅን ክሶች ችሎት (ትቪዖት ክታኖት) አለ።

የእኒያ አባት ጉዳይ እንዴት ሆነ?

መጀመሪያ ወደ ገዢው ስንደውል ስልኩን አላነሣም። ሁለቱ ቤተሰቦች ከተቀያየሙ ቆይተዋል። በሲግድ ቀን ኢየሩሳሌም በአርሞን ሀናጺቭ ተያይተው ሳይሳለሙ ተላልፈዋል። የገዢው እናት ሲሞቱም እኒህ አባት ለቅሶ አልደረሱም።

ሽማግሌዎች ገቡበት። ገዢው በሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ እውነቱን ተናገረ። ለካስ በሆጻዓ ለፖዓል የቆየ ዕዳ ነበረበት። መኪናው በስሙ ከተመዘገበ ይወሰድብኛል ብሎ ፈርቶ ነው ቀኑን ሲገፋው የኖረው። ‹‹ለመናገር አፈርሁ›› አለ። አንደኛው ለመጠየቅ አፍሮ፣ ሌላኛው ለመናገር አፍሮ፣ በመካከል አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ።

በመጀመሪያ ገዢው ዕዳውን በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ ስምምነት እንዲያደርግ ረዳነው። ቀጥሎ ሁለቱ አብረው ፖስታ ቤት ሄደው ስሙን አዛወሩ። መኪናዋን የተረከበበትን ቀን የሚገልጽ ቃለ መሐላም በጠበቃ ፊት ሰጠ። በዚያ ወረቀት ጊዜያቸው ያላለፈው ቅጣቶች ወደ እርሱ ተዛወሩ። ጊዜያቸው ያለፈውን በሽማግሌዎች ውሳኔ በስድስት ወር ከፋፍሎ ለእኒያ አባት ሊመልስ ተስማማ። እስከ ዛሬ አራቱን ወር ከፍሏል። ልጅቷም ትምህርቷን ጀምራለች።

የመጨረሻ ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ከመካከላቸው አንዱ ለሁለቱም እንዲህ አሉ፦ ‹‹ያን ዕለት ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ቢሆን፣ እኛን ለዚህ አትጠሩንም ነበር፤ ለሠርግ ትጠሩን ነበር።››

ውድ አንባብያን፣ ወንድማችሁን ወይም የአማቻችሁን ልጅ ‹‹ና ፖስታ ቤት አብረን እንሂድ›› ስትሉት አላመንሁህም ማለታችሁ አይደለም። በመካከላችን የውጭ ሰው ደብዳቤ እንዳይገባ ማለታችሁ ነው። መኪና ለመሸጥ ያሰባችሁ፣ ውል የሚያነብላችሁ ሰው ያጣችሁ፣ ወይም ያልተከፈተ ፖስታ ያለባችሁ ወደ ቢሯችን ብቅ በሉ። ፖስታውን አብረን እንከፍተዋለን።